አረፍ በሉ እንጂ

ቢቸና ላይ የሞጣ መኪና እየጠበቅሁ ነበር። ሰዓቱ ገና ጠዋት ነው፤ ፀሐይዋ ግን ጠዋት መሆኗን ረስታለች። ከጥላው ሥር ያለው አግዳሚ ከነሻንጣው፣ ከነዶሮው ሞልቷል። ጉልት ዘርግታ ብርቱካን የምትሸጥ ሴት መገተሬ ሰለቻት መሰለኝ፣ ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ "ኧረ አረፍ ይበሉ እንጂ!" አለችኝ። "አንቺስ?" ብላት መልስም አልሰጠችኝ። አጠገቧ ያለውን ድንጋይ በእጇ ጠረግ ጠረግ አድርጋ ቁጭ አለችበት። እኔም የለቀቀችልኝ ላይ ተቀመጥኩ።

ምን ላይ እንደተቀመጥኩ ያየሁት የገዛኋትን ብርቱካን ልጣጭ ከእግሬ ሥር ላነሳ ጎንበስ ስል ነው። ሃያ ሊትር የሚይዝ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ነው። ጎኑ ተሰንጥቆ ውሃ መያዝ ስላቃተው ተጋድሟል። ክብደት እንዲኖረው አሸዋ ተሞልቷል፤ እንዳይንከባለል ደግሞ ግራና ቀኙ ድንጋይ ተወትፎለታል። ላዩ ላይ የማዳበሪያ ጆንያ አራት ተጣጥፎ፣ ከመኪና ከመነዳሪ በተቆረጠ ጎማ ዙሪያውን ታስሯል። የጎማው ቋጠሮ ወደ ታች ዞሯል፤ ለምን ቢባል፣ የሚቀመጠውን ሰው እንዳይቆረቁረው።

ያን ቋጠሮ ሳይ ብርቱካኑን ረሳሁት። በሕይወቴ ብዙ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። በትልልቅ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጬ ወገቤን የቆረጠኝ ወንበር አለ፤ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ነው። ሠሪው ቋጠሮው ወዴት ይዙር ብሎ አላሰበም ማለት ነው።

"ማነው የሠራው?" አልኳት።

"ምኑን?"

"ይህን መቀመጫ።"

"እሱን ነው እንዴ ሥራ የሚሉት!" ብላ ሳቀች። "ሊጥሉት ሲሉ ነው የወሰድኩት።"

ከዚያ በኋላ ዓይኔ አላርፍ አለ። ሊስትሮው የተቀመጠው በተገለበጠ የቢራ ሳጥን ላይ ነው። ቡና የምታፈላው ልጅ ደንበኞቿን የምታስቀምጠው ፕላስቲክ በተጠለፈበት አሮጌ ጎማ ላይ ነው። የጋሪው ባለቤት ጋሪው ላይ። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን አገጫቸው ሥር ደግፈው ከተሰበረ የስሚንቶ ምሰሶ ላይ ተቀምጠዋል። አንዱም ለመቀመጫነት የተሠራ አይደለም፤ ከጋሪው በቀር ሁሉም አንድ ቦታ ተጥሎ የነበረ ዕቃ ነው። እንግዲህ "ከቆሻሻ ጥበብ" እያሉ በውጭ አገር ኤግዚቢሽን የሚከፍቱለት ነገር እኛ ዘንድ ማንም ሳያጨበጭብለት የሰው ወገብ ያሳርፋል።

ቋንቋችን መቀመጥን በአንድ ዓይን አያየውም። ተቀምጦ መብላት ስድብ ነው። "ቁጭ በሉ" ደግሞ አታላይ ነው። በሌላ በኩል ግን ከቢቸና ብዙም በማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ አንድ የቅኔ መምህር ማስተማር ሲጀምሩ "ወንበር ተከሉ" ይባላል። ዛፍ ይተከላል፤ ወንበርም ይተከላል። ሐዲስ ዓለማየሁ ዲማ ተምረው፣ ኋላም በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት "ፍቅር እስከ መቃብር" ያንኑ አገር ያነሱት፣ ከዚያው ከተተከለው ወንበር ሥር ቁጭ ብለው ነው ያደጉት። ዳኛ አጠገብ ተቀምጦ የሚፈርደውም "ወንበር" ይባል ነበር፤ ሰውየውና መቀመጫው በአንድ ስም። "ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ያቅታል" የሚለውም ተረት ቢሆን የሚያስጠነቅቀው ስለሚሰቀለው ነገር እንጂ ቁጭ ማለትን አይነቅፍም።

ደግሞ "ኖር!" አለ። አንድ ትልቅ ሰው ሰው ወደተቀመጠበት ሲመጣ ሁሉም ብድግ ይልና "ኖር!" ይላል። መጪው "በእግዜር!" ብሎ ይመልስና ይቀመጣል። ይህ ሥርዓት እንዲፈጸም ግን መጀመሪያ የተቀመጠ ሰው ያስፈልጋል። መቀመጫ በሌለበት ለማን ይነሳል? አዲስ አበባ ውስጥ "ኖር" የጠፋው ወጣቱ ስለባለገ ነው የሚሉ አሉ። እኔ የሚመስለኝ አግዳሚው ስለጠፋ ነው። ካፌ ውስጥ ለከፈልክበት ወንበር ማን ይነሳልሃል።

ሳንቲም ሳይከፈል ቁጭ የሚባልበት ቦታ በየከተማችን ቁጠሩ ብባል ደጀ ሰላሙን፣ የመስጊዱን ደጅ፣ የዋርካውን ሥር ብዬ ዝም እላለሁ። የተቀረው ወይ መሸጫ ነው፣ ወይ ማለፊያ፣ ወይ መጣያ። መሸጫውና ማለፊያው ባለቤት አላቸው። መጣያውን ነው እንግዲህ ዓይኔ የሚያየው።

ያደግሁት ቢቸናንና ሞጣን በሚያገናኘው መንገድ ዳር ነው። አፈሩ መረሬ ነው፤ ጤፍ ይወዳል፣ ቤት ይጠላል። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። የምስማር ያህል ቀጥ ብሎ የቆመ ግድግዳ በሦስት ዓመቱ ያዘነብላል። ዝናቡ ደግሞ መሬቱን እየቆረሰ ቦረቦር ያወጣል። በየከተማው ዳር ያለው ቦረቦር ዕጣው አንድ ነው፤ አንድ ሰው በምሽት አንድ ጆንያ ይደፋበታል፣ በነጋታው ሁለት ሰው፣ በወሩ ሰፈሩ በሙሉ። ማንም "እዚህ ይጣል" ብሎ አልወሰነም። ሰው የማይቀመጥበትን ቦታ ቆሻሻ ራሱ መርጦ ይቀመጥበታል።

ጉድፍ ድሮም ነበረ፤ ሌላ ዓይነት ነበር። አያቴ ጓሮ አመድ ማፍሰሻ ነበራት። የምድጃው አመድ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የአተላ ዝቃጭ፣ የበረት ጥራጊ፣ ሁሉም እዚያ ይወርዳል። የተሰበረ ገንቦ እንኳ አይጣልም ነበር፤ ገሉ ከጎረቤት ፍም ለመጫር ያገለግላል። በዚያ ጉብታ ላይ ሐምሌ ሲገባ ዱባ ይወጣል። ማንም ሳይዘራው፣ ከተጣለው ፍሬ። ከአጥር ወጥቶ፣ ጣራ ላይ ወጥቶ፣ የጎረቤት ጓሮ ገብቶ ያስታርቃል ወይም ያጣላል። በቆሻሻ ክምር ላይ የተሠራ መናፈሻ ሲባል ብዙ ሰው የፈረንጅ ፈጠራ ይመስለዋል፤ እኔ የሚታየኝ የአያቴ ዱባ ነው።

ከዚያ ፌስታል መጣ። ሃይላንድም መጣ፤ አንድ የውሃ ፋብሪካ ስም ለባዶ ጠርሙስ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ የቀረው። አመድ ማፍሰሻው ላይ የወጣው ዱባ በመጀመሪያው ዓመት ፌስታሉን ቀድዶ አለፈ፤ በአምስተኛው ዓመት ሥሩን መስደጃ አጣ። ፍየሎች ፌስታል በልተው ሆዳቸው ተነፍቶ መሞት ጀመሩ። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 የወጣው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ውፍረት ያለውን፣ የማይበሰብሰውን ፌስታል ያን ጊዜ ከልክሏል። አዋጁን ፍየሎቹ አላነበቡትም፤ ሻጮቹም እንደዚያው።

በዚህ ጉዳይ ትልቁ ስም የአዲስ አበባው ነው። ልብ ብላችሁ እንደሆነ አማርኛ የሚወደውን ሰው ስም ያሳጥራል፤ ተሾመን ተሼ፣ አበበን አቤ ይላል። ቆሻሻን ቆሼ ያለውም ይኸው አፍ ነው። ከ30 ሄክታር በላይ የሚሰፋ፣ ከ50 ዓመት በላይ የከተማው ጥራጊ የተከመረበት ተራራ በቁልምጫ ተጠራ። ከላዩ ብረት፣ ፕላስቲክ፣ የሚበላም ነገር ለቅሞ የሚኖር ብዙ ሰው ነበር፤ ቁልምጫው ከእነሱ አፍ ወጥቶ ከሆነ አይገርመኝም፤ የሚያበላህን ነገር በሙሉ ስሙ አትጠራውም።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ፣ ያ ተራራ ተናደ። ሥሩ የነበሩትን የጭቃና የላስቲክ ቤቶች ዋጠ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ አገሪቱ ሦስት ቀን የሐዘን ቀን አወጀች። በዓመቱ፣ ነሐሴ 2010 ዓ.ም.፣ ቆሼ ባለበት በዚያው በረጲ ቆሻሻ አቃጥሎ መብራት የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ፤ በቀን 1,400 ቶን እንዲቀበል ታስቦ የተሠራ ነው። የተናደውን ተራራ ለማርጋት ደግሞ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ የፉኩኦካ ዘዴ የሚሉት ተሞከረ። ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው፤ ከክምሩ ሥር ቀዳዳ ያለው ቱቦና ድንጋይ ይነጠፋል፣ ከብስባሹ የሚወጣው ውሃ በዚያ ይወርዳል፣ በዚያው ቱቦ አየር ይገባል፤ አየር ያገኘ ቆሻሻ ቶሎ ይበሰብሳል፣ የሚቀጣጠለውን ሚቴን ጋዝም አብዝቶ አያወጣም። ጠላ የጠመቀ ሰው ይገባዋል፤ ታፍኖ የሚቦካና አየር አግኝቶ የሚበሰብስ አንድ አይደሉም።

ቆሼ አንድ ቀን አረንጓዴ ይሆናል ሲባል ሰምቻለሁ። ይሁን። አንድ ነገር ግን እላለሁ። እዚያ ላይ አግዳሚ የሚቀመጥ ከሆነ ጀርባው ወደ ከተማው፣ ፊቱ ወደ ተቀበሩት ቤቶች ይሁን። እዚያ ቁጭ ብሎ የከተማውን መብራት የሚያደንቅ ሰው ከማን በላይ እንደተቀመጠ አይቶ ያድንቅ።

ተጥሎ በከረመ መሬት ላይ መናፈሻ የመሥራቱን ነገር የካይሮ ሰዎች ከእኛ በፊት ጨርሰውታል። አል አዝሃር መናፈሻ ከ500 ዓመት በላይ የከተማው ፍርስራሽና ጥራጊ ሲደፋበት በኖረ ጉብታ ላይ እ.ኤ.አ. በ2005 ተከፈተ፤ ስፋቱ 30 ሄክታር ነው። ጉብታውን ሲቆርሱት ሳላሐዲን ያስጀመረው የ12ኛው ክፍለ ዘመን የከተማ ቅጥር ከሥሩ ተገኘ። ኒውዮርክ ደግሞ ፍሬሽ ኪልስ የሚባለውን፣ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ሲጣልበት የነበረውንና በ2001 የተዘጋውን፣ ወደ 890 ሄክታር የሚጠጋ የቆሻሻ አገር፣ ቀስ በቀስ መናፈሻ እያደረገችው ነው። እዚያ ደግሞ አንዲት አርቲስት አለች፣ ሚርል ላደርማን ዩክለስ። እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ያለ ደመወዝ የኒውዮርክ ጽዳት መሥሪያ ቤት አርቲስት ሆና ተቀምጣለች። ከጽዳት ሠራተኞቹ ጋር፣ ከ8,500ዎቹ ጋር፣ አንድ በአንድ እየዞረች እጅ ለእጅ ተጨባበጠች፤ ከተማዋን በሕይወት ስላቆያችሁ አመሰግናለሁ እያለች። ዓመት ያህል ፈጀባት። በፍሬሽ ኪልስም ሰው ቆሞ የሚያይበት፣ የሚያርፍበት ሥራ እንድትሠራ ተሰጥቷታል። እጅ ሰጥቶ ሰላም ማለት ጥበብ ነው ቢባል የጎጃም ሰው ይስቃል፤ እኛ ሰላምታውን ስንጀምር የከብቱንም የአዝመራውንም ጤና ጠይቀን ነው የምንጨርሰው። ግን የኛ ከተማ ጋሪ ገፊ የጽዳት ሴቶችን ማን ጨብጧቸዋል? እኔ አልጨበጥኩም።

ቀረብ ወዳለው ልምጣ። አዲስ አበባ መካኒሳ አካባቢ ዞማ ሙዚየም የሚባል አለ፤ በ2011 ዓ.ም. ተከፈተ። መሬቱ የተበከለ ነበር። አርቲስት ኤልያስ ስሜና አንትሮፖሎጂስቷ መስከረም አሰግድ አፈሩን አክመው፣ አትክልት አብቅለው፣ ቤቶቹን በጭቃና በጭድ ሠሯቸው። ግድግዳው ላይ ኤልያስ እንደ ሽመና የሚጠላለፍ ቅርጽ አውጥቶበታል። ይህ ሰው ከመርካቶ ምናለሽ ተራ ቁልፍ፣ ቆርኪ፣ የተበላሸ ኮምፒዩተር ሽቦ እየለቀመ ነው ዓለም ያወቀው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሎስ አንጀለስ ላይ የስትራቪንስኪ ኦፔራ "ኦዲፐስ ሬክስ" ሲታይ መድረኩ ላይ የቆሙት ዙፋኖች የእሱ ሥራ ነበሩ። ከቆሻሻ ተራ እስከ ዙፋን፤ የብርቱካን ሻጯ ጀሪካን ባልንጀራ አላት ማለት ነው።

የቆሻሻ ክምር ላይ የሚቀመጥ መቀመጫ ግን እንደ ሌላው አይደለም። ክምሩ በአፈር ተሸፍኖ፣ ሣር ለብሶ፣ ሕፃናት ቢሯሯጡበትም ከሥሩ መበስበሱን አያቆምም። ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ይሰጥማል። ያውም እኩል አይሰጥምም፤ ፍራሽ የተቀበረበትና ፍርስራሽ የተቀበረበት ልዩ ልዩ ነው። ጥልቅ መሠረት ተቆፍሮ ስሚንቶ ቢፈስስበት የላይኛው የአፈር ክዳን ይቀደዳል፤ ዝናብ ይገባል፣ ጋዝ ይወጣል። ስሚንቶው ራሱም ይሰነጠቃል። መቀመጫው እንግዲህ ቀላል መሆን አለበት፣ ከላይ የሚያርፍ፣ መሬቱ ሲወርድ አብሮ የሚወርድ፣ ሲጣመም የሚቃና። ይህን የሚሉት መሐንዲሶች ናቸው። መረሬ ላይ የኖረ ሰው ግን መሐንዲስ ሳይሆን ያውቀዋል። የሚንቀሳቀስ መሬት ላይ የማይንቀሳቀስ ነገር አይሠራም። በየዓመቱ የሚጠገን ነገር ይሠራል።

በየዓመቱ የሚጠገን መቀመጫ ደግሞ አለን፤ መደብ።

አያቴ መደብ የምታድሰው ለእንቁጣጣሽ ነው። ነሐሴ መገባደጃ ላይ ትጀምራለች። መረሬው ስለሚሰነጠቅ ቀይ አፈር ከሩቅ ታስመጣለች፤ በአህያ ሁለት ጊዜ። የጤፍ ጭድ ትነሰንስበታለች፣ ውሃ ታፈስበታለች፣ እኛ ልጆቹ ሱሪያችንን እስከ ጉልበት ሰብስበን እንረግጠዋለን። ከዚያ ይተዋል። ይቦካል። በሦስተኛው፣ በአራተኛው ቀን ሲሸት "አሁን በሰለ" ትላለች። ያ ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ ከቦረቦሩ ሽታ ጋር አንድ አይደለም፤ ያኛው የተተወ ነገር ሽታ ነው፣ ይህኛው የሚጠበቅ ነገር ሽታ።

አሮጌውን መደብ ውሃ ትረጭበትና የተፈረፈረውን ትጠርጋለች። አዲሱን ጭቃ በመዳፏ እየደፈጠጠች ትለጥፋለች። ጥግ ጥጉን በአውራ ጣቷ ታከብበዋለች፤ ልጅ ወድቆ ግንባሩን እንዳይመታ። በማግስቱ ደረቅ ሲል ከወንዝ የመጣ ለስላሳ ድንጋይ ይዛ ትፈትገዋለች፤ እጇ እየሄደ፣ እየተመለሰ፣ መደቡ እንደ ቆዳ እስኪያብረቀርቅ። ከዚያ እበትና አመድ በጥብጣ ትቀባዋለች። በመጨረሻ፣ ሥራው አለቀ ስንል፣ ሦስት ጣቷን ውሃ ታስነካና በመደቡ ፊት ላይ፣ የተቀመጠ ሰው እግር በሚንጠለጠልበት ላይ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚወጣ የሚወርድ መስመር ትስላለች። እንደ ዓባይ።

"ለምንድነው ይህ፣ እማዬ?" አልኳት አንድ ዓመት። አያቴን እማዬ ነበር የምንላት።

"ሰው እላዩ ይቀመጣል፤ ዓይንስ የት ይቀመጥ?"

ስለ ሥነ ጥበብ መቀመጫ የተጻፈ ብዙ ነገር አንብቤያለሁ። ከዚህ የበለጠ አላገኘሁም።

መቼም "ጭቃ ዝናብ አይችልም" የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው። የጎጃም ክረምት ሜዳ ላይ የተተወ መደብን በአንድ ሐምሌ ሾርባ ያደርገዋል። ስለዚህ ከሥሩ ድንጋይ ይደርደር፣ ከላዩ ሣር ወይም ቆርቆሮ ይዘርጋ፤ የዞማ ግድግዳዎችም ዣንጥላቸው ጣራቸው ነው። ፊቱ ላይ የተሰበረ ስኒ፣ የጀበና አንገት፣ የምጣድ ስባሪ ይለጠፍበት። የባርሴሎናው ጉዌል ፓርክ ውስጥ እንደ እባብ የሚጠማዘዘው ዝነኛ አግዳሚ፣ አርክቴክቶቹ ጋውዲና ጁጆል የሠሩት፣ ላዩ የተለበጠው በሸክላ ስብርባሪ ነው፤ ቱሪስት ትኬት ቆርጦ ይቀመጥበታል። ቡና ሦስት ጊዜ ተፈልቶ በሚጠጣበት አገር የስኒ ስባሪ ይጠፋል ብዬ አልሰጋም። ያም ሆኖ በየዓመቱ መጠገን ይፈልጋል። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አላየውም። በየዓመቱ የሚጠገን ነገር በየዓመቱ ሰው ይሰበሰብበታል። ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ ላይ ደግሞ በምሽት ጆንያ ይዞ የሚመጣ የለም፤ ጎረቤቱ ያየዋላ።

አንዴ ተሠርቶ የማይነካ ነገር ዕጣውን ለማየት ከሞጣ ወደ ዓባይ መውረድ ይበቃል። ሰባራ ድልድይ እዚያ አለ። በፋሲል ዘመን ተሠራ የሚባለው የድንጋይ ድልድይ በጣሊያን ጊዜ መሀሉ ተቆረጠ። ከዚያ ስንት ዘመን የጎጃምና የበጌምድር ሰው በክፍተቱ ላይ በገመድ እየተጎተተ ተሻገረ። ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2001 የዚህኑ ድልድይ ፎቶ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ አይቶ መጣና በዓመቱ ክፍተቱ ተገጠመ። እ.ኤ.አ. በ2005 ጎርፍ ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ በሽቦ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተዘረጋ። የተንጠለጠለ ነገር ይወዛወዛል፤ የሚሻገረው ሰው መጀመሪያ ላይ ልቡ ይርዳል፣ በሁለተኛው ቀን አህያውን ይነዳበታል።

ሞጣ የደረስኩት ከሰዓት ነው። ከመኪናው ወርጄ አንድ የባሕር ዛፍ ግንድ አገኘሁ፤ በሁለት ድንጋይ ላይ የተጋደመ፣ ላዩ በሰው ልብስ ብዛት የለሰለሰ። አራት ሰው ተቀምጦበታል። ማን እንዳስቀመጠው ብጠይቅ የሚያውቅ አልነበረም፤ "ድሮም ነበረ" አሉኝ። ከጀርባቸው ሃያ እርምጃ ያህል ወረድ ብሎ ቦረቦር አለ፤ ፌስታሉ በነፋስ እየተነፋ እሾህ ላይ ተሰቅሏል። ግንዱ ዙሪያ ግን ንጹሕ ነው። አንዲት ልጣጭ የለችም። ማስታወቂያ የለም፣ ጥበቃ የለም፣ ቅጣት የለም። አራት ሰው ተቀምጧል፤ በቃ።

እኔም ጫፉ ላይ ተጠግቼ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይቶ ነጭ ጋቢ የለበሱ አዛውንት በከዘራ መጡ። አራቱም ብድግ አሉ።

"ኖር!"

"በእግዜር፣ በእግዜር ልጆቼ!"

እኔም ከእነሱ ጋር ብድግ ብዬ ነበር። አዛውንቱ መሀል ተቀመጡ፣ እኛም ተጠጋግተን ተቀመጥን፤ ለአራት የነበረው ግንድ ስድስት ያዘ። ክንድ መደገፊያ ብረት በየመሀሉ የተተከለበት ዘመናዊ አግዳሚ ቢሆን ኖሮ ሁለታችን ቆመን እንቀር ነበር። ያ ብረት፣ ለማታውቁት፣ የተተከለው ቤት የሌለው ሰው እንዳይተኛበት ነው። የመደብ ሠሪ እንዲህ ያለ ሐሳብ አታስብም፤ መደብ ቀን መቀመጫ፣ ማታ አልጋ ነው።

በየከተማው የኮሪደር ልማት በሚባልበት በዚህ ጊዜ፣ የቢቸናና የሞጣ ቦረቦሮችም ተራቸው ይደርስ ይሆናል። ይደፈናሉ፣ ሣር ይለብሳሉ፣ አግዳሚ ይታዘዝላቸዋል። ማዘጋጃ ቤቶቻችንን አንድ ነገር ልለምን። የብረት አግዳሚ ጨረታ ከማውጣታችሁ በፊት መደብ የምትለስን አንዲት እናት ጥሩ፤ አበልም ክፈሏት፤ መሐንዲሱም ይቀመጥና ይስማት። መንገዳችሁንም ቢቸና ላይ አቁሙና ብርቱካን የምትሸጠውን ሴት አነጋግሩ። ቋጠሮው ወዴት እንደሚዞር እሷ ትነግራችኋለች።